የነዳጅ ፓምፑ ደህና ነው፣ የተበላሸው ማሳው (ኔጌቲቭ ገመዱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዝበት) ነው
አሮጌዋ ቤንዚን ፒካፔ ከአዳማ ወደ ሞጆ ስነዳት መሀል መንገድ ላይ ትጠፋ ነበር። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትነሳለች። ፊውዙም ሪሌዩም (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ማብሪያ) ደህና ነው። መካኒኩ «ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። በዚህ ዋጋ? መጀመሪያ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አወጣሁ።

ፓምፑ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፓምፑ ኔጌቲቭ ገመድ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሳደርግ 3 ቮልት አነበበ። ማሳው ጤነኛ ቢሆን ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር፤ ያ 3 ቮልት ለፓምፑ ሳይሆን ማሳው ላይ ይባክናል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በኦም (በሬዚስታንስ መለኪያው) ብትለኩት ግን ደህና መስሎ ይሸውዳችኋል። ጉዱ የሚወጣው ፓምፑ ከረንት ሲስብ ነው።

ከነዳጅ ታንከሩ አጠገብ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ ማሳውን የያዘው ብሎን ዝጓል። ባትሪውን ፈትቼ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። አዲስ የገመድ ጫፍ አስሬ ግሪስ ቀባሁት። (እዚያ አካባቢ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ አታስጠጉ!) አሁን 0.1 ቮልት ያነባል፤ ፓምፑም ያው የድሮው ነው።