ቆቡን አትፈትጉት፦ የዓይን ዙሪያ ችግርና መፍትሄው

ደሴ ውስጥ የዓይን ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እጅ መታጠብ፣ ጥፍር ማሳጠር፣ የሰው ፎጣ አለመጠቀም የምታውቁት ስለሆነ እሱን አልደግምም። የምጽፈው ደጋግሞ ደጄ ስለሚመጣው ነገር ነው። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ ነው። ውፍረቱ ቢበዛ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጉንጫችሁ የሚችለውን ፍትጊያ ቆባችሁ አይችለውም።

ጠዋት ዓይን ተጣብቆ ያድራል። የሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይይዛል። ጠርዙ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል።

ከሁሉ በላይ የማየው ይሄንን ነው።

ምክንያቱ፦ በቆቡ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ጥቃቅን የቅባት ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። የላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ የታችኛው ከ20 እስከ 30 አለው። ቅባቱ እንባችን ቶሎ እንዳይደርቅ ይከላከላል። ይሄ ቅባት ብርድ እንዳገኘው ቅቤ ሲረጋ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ጠርዙም ይቆጣል። በዚያ ላይ ኩል በውስጠኛው ጠርዝ ከተኳሉ ኩሉ ቀዳዳውን ይለስነዋል።

ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ደረቁን ቅርፊት በጥፍር ይልጣል። ወይም የነጠላ ጫፍ በምራቅ አርሶ ይፈትጋል። እባካችሁ ይሄን ተዉ። ምራቅ ጀርም አለው። ነጠላውም ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲጠርግ የዋለ ነው። ደረቅ ቅርፊት ሲላጥ ሥሩ ይቆስላል፣ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይነቀላል።

አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ በኩል አንዲት እናት መጡ። የሽፋሽፍታቸው ግማሽ የለም። ጠርዙ ደም አርግዟል። «እማማ፣ በምንድን ነው የሚያጸዱት?» አልኳቸው። «በዚሁ ነዋ ልጄ» ብለው የነጠላቸውን ጥለት አሳዩኝ። አስቀመጥኳቸውና ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ዓይናቸው ላይ አኖርኩ። ሲቀዘቅዝ እያሞቅሁ ስምንት ደቂቃ ያህል ቆየን። ከዚያ በጨርቁ ጫፍ አንዴ ብቻ ሳብ ሳደርገው ቅርፊቱ እንደራሰ ወረቀት ተንሸራቶ ወጣ። ምንም አላመማቸውም። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ከምን ጋር ስታገል ኖርኩ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

መፍትሄው፦ ውሃ አፍሉና ሞቅ እስኪል አብርዱት። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ያዙ፤ ያረጀ አንሶላ ቀዳችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይበቃል። ነክራችሁ ጭመቁ። መጀመሪያ የእጃችሁ አንጓ ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ካቃጠለ ቆብንም ያቃጥላል። ዓይን ተጨፍኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ሲበርድ መልሳችሁ አሙቁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ደቂቃ አድርጎ ሲተው ነው።

ቀጥሎ በንጹህ ጣት ቆቡን ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጫፍ የሽፋሽፍቱን ሥር ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ ጥረጉ። የተጠረገበት ጨርቅ ተመልሶ ዓይን አይነካም። ለሌላው ዓይን ሌላ ጨርቅ። ቅርፊቱ ቅባት ከበዛበት አንድ እጅ የሕፃን ሻምፑ በአስር እጅ የፈላና የበረደ ውሃ በጥብጡ፣ በኋላም ቆቡን በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። የልብስ ሳሙና አይሞከርም። ሽታ ያለው እርጥብ ሶፍትም አይሆንም፤ እሱ ለሕፃን መቀመጫ የተሠራ ነው።

ቧንቧ ጠፍቷል የሚል ምክንያት እሰማለሁ። ከጀሪካኑ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ለሁለቱም ዓይን ይበቃል። ጠዋትና ማታ ለሁለትና ሦስት ሳምንት አድርጉት፣ ከዚያ በቀን አንዴ። ተሻለኝ ብላችሁ ከተዋችሁት ይመለሳል። ይሄ እንደ ጥርስ መፋቅ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ኩሉ ወይም ማስካራው አልለቅ ይላል፤ ሲፈተግ ቆዳው ይላጣል።

ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ በውሃ አይለቅም፤ ቅባት ይፈልጋል። የዓይን ሜካፕ ማስለቀቂያ በጥጥ አርሳችሁ የተጨፈነ ዓይን ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ራሱ ይለቃል። ከዚያ ወደ ታች ሳብ ብቻ።

በጥር አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ በሦስተኛው ቀን መጣች። ዓይኗ አብጦ መጋረጃ ሆኗል። የተለጠፈላት ሽፋሽፍት ሙጫው አልለቅ ሲላት በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርጋዋለች። «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ የኔ እህት?» ስላት «ነገ መልስ አለብኝ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ቤንዚንም፣ አልኮልም፣ ሎሚም አይደርሱም። ለጣፊዎችም ላስቸግራችሁ፦ ርካሽ ሙጫ አትግዙ፤ ለጥፋችሁ ስትሸኙም እንዴት እንደሚነሳ ንገሯት።

ስለ ኩልም ልናገር። ገበያ ላይ በብልቃጥ የሚሸጥ አንዳንድ ኩል ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። ሕፃን አትኳሉበት። መኳያውንም አትዋዋሱ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሕመሙን የሚያቀባብለው እሱ ነው።

የዓይን ዙሪያ ስስ፣ ቀይ፣ የሚያቃጥል ሆኗል፤ «ክሬሙን ሳቆም ይብስብኛል» ይባላል።

ክሬሙ ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት ሳይኖረው አይቀርም። ማድያት ያጠፋል፣ ያቀላል ተብሎ ይሸጣል። ቆዳውን ያሳሳል፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ግፊቱ ዓይን ያጠፋል። ክሬሙን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጎረቤት የመረጠላችሁን ጠብታም እንዲሁ አታድርጉ።

ልጁ ዓይናር አለው፤ ዝንብ ይወረዋል።

ፊቱን ቶሎ ቶሎ እጠቡት። በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ሰው ያጠቃ በሽታ ነው፤ ዝንብ፣ እጅና ጨርቅ ያዛምቱታል። ሲደጋገም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እሱን በወረንጦ የሚነቅሉ አሉ። የተነቀለው መልሶ ሲያድግ ብሌኑን ይበልጥ ሊቧጥጠው ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ቀዶ ጥገናው ጠይቁ፤ ቆቡን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራ አጭር ሥራ ነው።

የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ዓይኑ መግል ካወጣ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ቆቡ በሙሉ አብጦ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ዓይኑ መንቀሳቀስ ካቃተው፣ ጨርቅና ውሃ አይበቃውም። ሆስፒታል።

ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም በረኪና ዓይን ውስጥ ከገባ መኪና እስኪገኝ አትጠብቁ። ቆቡን ገልጣችሁ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እዚያው ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሩጡ።