ያልወለደች ጊደር ወይም ፍየል ግቷ ሲያብጥ እንዴት እንደሚመረመር

ገና ያልወለደች እንስሳ ግቷ ሲያብጥ ብዙ አርቢ በመጀመሪያ የሚፈራው ዕጢን ነው። በከብት፣ በበግና በፍየል ግን የግት ዕጢ እምብዛም አይታይም። በአብዛኛው መነሻው ሆርሞን ወይም ኢንፌክሽን ነው፤ ሁለቱን በጊዜ መለየት የነገ ወተቷን ያድናል።

በቅድሚያ ዕድሜዋን ያስቡ። የጊደር ግት ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ ለአቅመ ጥቂ እስክትደርስ ከሌላው ሰውነቷ ፈጥኖ ያድጋል፤ ይህ ጤናማ ነው። ከኮርማ ጋር ውላ ከሆነም እርግዝናዋን ያስመርምሩ።

ከዚያ እጅዎን ታጥበው ግራና ቀኙን እያነጻጸሩ በመዳፍዎ ይዳስሱ። ለስላሳ፣ የማይሞቅና በሁለቱም ጎን እኩል ከሆነ ሆርሞንን ይጠርጥሩ። አንዱ ክፍል ብቻ ጠጥሮና ግሎ ሲነኩት የምትራገጥ ከሆነ፣ ወይም መኖ ከተወች፣ የግት በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ። ከዘገየ ያ ክፍል ለዘለቄታው ወተት አልባ ሊሆን ይችላል። በጡቶቿ ቆዳ ላይ የሚወጣ ኪንታሮት ግን ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

አደራ፣ ምን እንዳለበት ለማየት ብለው ጡቷን አይጭመቁ! የጡቱን ቀዳዳ የሚዘጋ ተፈጥሯዊ ውታፍ አለ፤ እሱ ከተነሳ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ማለብ ደግሞ ግቱን ለተጨማሪ ወተት ይቀሰቅሰዋል። ሳትወልድ ወተት የያዘች ፍየል ካልነኳት ብዙ ጊዜ ራሷ ትነጥፋለች። ግቷ ተወጥሮ ካስጨነቃት ይታለብ አይታለብ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን።

ሆርሞንን ከጠረጠሩ መኖውን ይፈትሹ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ የማየው ይህ ነው። በእርጥብ በቆሎና ስንዴ ላይ የሚያድገው ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ ዜራሌኖን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በሰውነት ውስጥ ኢስትሮጅን እንደተባለው የሴቴ ሆርሞን ይሠራል። መቀቀል አያጠፋውም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ያልደረሱ ሴት አሳማዎችን ነው፦ ግታቸውና ብልታቸው ያብጣል። መኖው ሲቋረጥ እብጠቱ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ክሎቨር የተባለው የመኖ ተክል አንዳንድ ዝርያዎችና ለማድለቢያ ከቆዳ ሥር የሚቀበሩ የኢስትሮጅን እንክብሎችም ግትን ያሳብጣሉ።

መኖውን ከቀየሩ በኋላ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ሆነው ፎቶ ያንሱ። እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ወይም የሚያድግ ጠጣር ጓል ወይም የማይድን ቁስል ካዩ፣ ሐኪሙ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ለላቦራቶሪ ይላክ፤ ዕጢ መሆን አለመሆኑ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው።