«እንደ» ስላለ ብቻ ዘይቤ አይሆንም

ባሕር ዳር ውስጥ ግጥም የሚሞካክር ወጣት አይጠፋም። የጻፉትን አምጥተው «እስቲ እይልኝ» የሚሉኝም አሉ። ዘይቤ መጠቀሙን ይችሉበታል፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን ይምታታባቸዋል።

አንደኛው ስህተት «እንደ» ባለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለ ማለት ነው። «ዘጌም እንደ ባሕር ዳር ይሞቃል» ተራ ንጽጽር ነው፤ ሁለቱም ቦታዎች ናቸው። «ታንኳው እንደ ዳክዬ ውሃው ላይ ተኝቷል» ሲባል ግን የደንገል እስርና ወፍ፣ ዘር የማያገናኛቸው ነገሮች፣ በአንድ ጠባይ ተመሳሰሉ። ዘይቤ የሚሆነው ያኔ ነው።

«እንደ» ሲወጣ ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ውስጥ እንገባለን። ጢስ ዓባይን አስቡት። ከፏፏቴው ሥር የሚነሳው የውሃ ብናኝ ጢስ ይመስላል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን «ይመስላል» አላሉም። ጢስ ነው አሉ፣ አለቀ።

ሰውኛም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሰውኛ ነው፤ ወንዙ ቤት አጥቶ ከነሸክሙ የሚንከራተት ሰው ሆኗል። «ማዕበሉ አገሳ» ግን ሰውኛ አይደለም። የሚያገሳው አንበሳ ነዋ!

ግነትን በአጭሩ፦ ሊሆን የሚችል ነገር ግነት አይባልም። «ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ብቻዬን በላሁ» ብትሉ እዚህ ሐይቁ ዳር ማንም አይደነቅም። «ጣናን በጭልፋ አደርቅልሻለሁ» በሉ።

በጣም የሚያናድደኝ የሰምና ወርቁ ነገር ነው። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ያለበት ጎጃም ተቀምጠን፣ ድብቅ ሐሳብ ያለበትን ግጥም ሁሉ «ሰምና ወርቅ» እንላለን። ሰሙም ወርቁም ለየብቻቸው መቆም አለባቸው። እኔው የሞነጫጨርኳትን እዩልኝ፦

እህልና ከብቴን ጠራርጎ ጨረሰው፤
ዓባይ ጎረቤቴ መች ይራራል ለሰው።

ሰሙ፣ ዓባይ ዳር የሚኖር ገበሬ ወንዙ ሞልቶ ንብረቱን ወሰደበት ነው። ወርቁ ሌላ ነው። «ዓባይ» ውሸታም ማለትም ነውና፣ ባዶ ያስቀረው ቀጣፊ ጎረቤቱ ነው። ኅብሩ፣ ማለትም ሁለቱንም ፍቺ የያዘችው፣ ያቺ አንዲት ቃል ናት። ወርቁ ያመለጠው አንባቢም ቢሆን የሚያዝንለት ገበሬ አያጣም።

የመጨረሻው ስህተት ገጣሚው ራሱ ከግጥሙ ሥር «ወርቁ ይህ ነው» እያለ ማብራራቱ ነው። አሁን እኔ እንዳደረግኩት።