ገና ሲቃረብ፦ ለአነስተኛ የቤት ቁሳቁስ ሻጮች የሥራ መመሪያ

ስኒ፣ ሳህን፣ ሻማ፣ የትራስ ልብስ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የእንጨት መክተፊያ የሚሸጥ አነስተኛ ንግድ በገና ሰሞን አብዛኛውን ጊዜ ገዢ አያጣም፤ የሚያጥረው ጊዜና እጅ ነው። ትዕዛዝ ሲጎርፍ የሚያሽገው ሰው ይደክማል፣ ካርቶን ያልቃል፣ የመላኪያ ድርጅቱ መኪና ሞልቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዕቃ ገዝተው ከማከማቸትዎ በፊት በቀን ስንት እሽግ በደንብ አዘጋጅተው ማስወጣት እንደሚችሉ ይወቁ። ዋጋውም፣ ቅናሹም፣ የክምችቱም ልክ በዚህ ቁጥር ላይ ይመሠረታል።

መጀመሪያ አቅምዎን ይለኩ

አሥር የሚሰበሩ ዕቃዎችን ከመደርደሪያ አንስተው፣ ጠቅልለው፣ ካርቶን ውስጥ አስገብተው፣ አድራሻ ለጥፈው እስኪጨርሱ ሰዓት ይያዙ። አንዱ እሽግ 12 ደቂቃ ከወሰደ በሰዓት አምስት ማለት ነው። ከሌላው ሥራ ተርፎ ለማሸግ የሚቀርዎት በቀን አራት ሰዓት ከሆነ 20 ይደርሳሉ። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ፤ ማተሚያው ይቆማል፣ ደንበኛ ይደውላል፣ አንዱ ዕቃ ሲጠቀለል ስንጥቅ ይገኝበታል። የቀረው 16 ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሦስት ሳምንት ቢሠሩ 288 እሽግ ይወጣል። እንግዲህ ለ500 ትዕዛዝ የሚበቃ ዕቃ መደርደር ገንዘብን አስሮ ማስቀመጥ ነው፤ ወይ ረዳት ይቅጠሩ፣ ወይ ግዢውን ይቀንሱ።

ቁጥሩን ያለ ተጨማሪ ሰው ከፍ ማድረግ ይቻላል። የካርቶን መጠን ከሦስት ዓይነት አይብለጥ፤ ሰባት ዓይነት ካርቶን ያለው ሰው የትኛው እንደሚሆን እያማረጠ ደቂቃ ያባክናል። ባብል ራፕ የሚባለውን አረፋማ ፕላስቲክ ቀድመው በየልኩ ቆርጠው ይከምሩ። የምስጋና ካርዱንና የአያያዝ መግለጫውን በአንድ ወረቀት ያትሙ። ረዳት የሚቀጥሩ ከሆነ ደግሞ ሥራው ሳይጨናነቅ ያሠልጥኑት፤ በሩጫ መሀል የገባ አዲስ ሰው ከሚያግዘው ይልቅ የሚያስተካክሉለት ስህተት ይበዛል።

ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ደንበኞችዎ ገናን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ነው ወይስ ጃንዋሪ 7? ሁለቱም ዓይነት ደንበኛ ካለዎት ሁለት የመዝጊያ ቀን ያውጡ። በመሀሉ ያሉት 13 ቀናት ሰፊ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአዲስ ዓመት ዕረፍት ስለሚገባባቸው በብዙ ቦታ ጭነት ይዘገያል።

የመጨረሻውን ትዕዛዝ የሚቀበሉበትን ቀን ሲወስኑ የመላኪያ ድርጅቱ ካስታወቀው የመጨረሻ ቀን ሁለት የሥራ ቀን ይቀንሱ፤ ዕቃው ሲታዘዝ የሚሠራ ከሆነ የመሥሪያውንም ቀናት አብረው ይቀንሱ። ቀኑን በሽያጭ ገጽዎ አናት ላይ በጉልህ ይጻፉት። «ከበዓሉ በፊት ይደርሳል» ብሎ በደፈናው መጻፍ ኋላ ክርክር ያመጣል።

ከበዓሉ 12 ሳምንት ቀደም ብሎ የሚሸጡት ዕቃ ተመርጦ አቅራቢው ቀብድ መቀበል አለበት፤ በባሕር የሚመጣ ከሆነ ከዚህም ይቀድማል። ናሙና ሳያዩ ሙሉውን አይክፈሉ። በዓሉ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ፎቶው፣ ዋጋውና የማሸጊያው ግዢ ያልቃል፤ ስድስት ሲቀረው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ለሽያጭ ይቀርባል። ካርቶንና ቴፕ ዘግይተው የሚገዙ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ግን ሌላውም ሻጭ ስለሚፈልገው ልኩ ያልሆነውን ለመውሰድ ይገደዳሉ።

በእጅ የሚሠሩ ዕቃዎች የየራሳቸው ቀን አላቸው

የሴራሚክ ስኒ ከተቀረጸ በኋላ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይብሳል። ቸኩለው ምድጃ ውስጥ ካስገቡት ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ ስብርባሪው አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። በምድጃ የመጀመሪያው ማቃጠል፣ ቅቡ፣ ሁለተኛው ማቃጠልና ምድጃው በራሱ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሲደመር ከቅርጽ እስከ ሽያጭ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይያዙ።

የሶያ ሰም ሻማ ከፈሰሰ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ተከድኖ መቆየት ይኖርበታል። ቶሎ ከተሸጠ ሲበራ ሽታው ደካማ ይሆናል፤ ቅሬታውም በበዓሉ ማግስት ይመጣል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙ ከብርጭቆው ግድግዳ ተላቆ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ብርጭቆውን ከማፍሰስዎ በፊት ለብ አድርገው ያሙቁት፣ ሻማዎቹንም አራርቀው ያቀዝቅዙ።

መክተፊያ የሚቀቡት ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ የማዕድን ዘይት ነው። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጨማድዶ ሲከመር ራሱን አሙቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ አለዚያ ውሃ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ይክተቱት። ካርቶንና ወረቀት በተከመረበት ክፍል ይህን ጉዳይ ለነገ አያሳድሩ።

ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው አስቀድሞ እንዲኮማተር ያድርጉት። ለ45 በ45 ሴንቲሜትር የትራስ ልብስ 50 በ50 ትራስ ያስገቡበት፤ እኩል ከሆነ ማዕዘኖቹ ባዶ ቀርተው ይጨማደዳሉ።

ስንት ይግዙ፣ ምንስ ይግዙ

የገና ሥዕል ያለበት ስኒ በበዓሉ ማግስት ዋጋው ይወድቃል፤ ነጭ ስኒ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ስለዚህ በዓሉን ከዕቃው ይልቅ በሚነሳ ነገር ላይ ያድርጉት፤ ሪባን፣ ልጣፍ፣ መጠቅለያ ወረቀት፣ የሻማ ክዳን ላይ። ሥዕል ያለበት ዕቃ ከጠቅላላ ክምችትዎ አንድ አምስተኛ ባያልፍ እንመክራለን።

እንደገና መቼ እንደሚያዙ ለማወቅ የቀን ሽያጭዎን አቅራቢው በሚያደርስበት ቀን ያባዙና መጠባበቂያ ይጨምሩበት። በቀን አራት የሚሸጥ፣ በ14 ቀን የሚደርስ ዕቃ 56 ይሆናል፤ የአምስት ቀን መጠባበቂያ 20 ሲታከልበት 76። መደርደሪያው ላይ 76 ሲቀር ይዘዙ። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ ከመዝጊያ ቀንዎ በኋላ የሚደርስ ከሆነ ማዘዙን ይተዉትና ገጹ ላይ «አልቋል» ብለው ይጻፉ።

ቅናሽ የሚበላው ከትርፍ ነው

የአንድን ዕቃ ወጪ ሲያሰሉ ካርቶኑን፣ ቴፑን፣ የክፍያ አገልግሎቱ የሚቆርጠውን፣ ለስብራት የሚያዘውን መጠባበቂያና የማሸጊያ ሰዓትዎን ያካቱ። ሁሉም ተደምሮ ወጪው 60፣ መሸጫው 100 ቢሆን ትርፉ 40 ነው። 20 በመቶ ሲቀንሱ መሸጫው 80፣ ትርፉ 20 ይሆናል፤ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት እጥፍ መሸጥ አለብዎት፣ የማሸግ አቅምዎ ግን ያው 16 ነው። ስለዚህ ሥራ በሚጨናነቅባቸው ሳምንታት ቅናሽ አያድርጉ፤ ማድረግ ካለብዎት ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ቀድመው፣ እጅዎ ገና ባዶ ሳለ ያድርጉት።

ከቅናሽ የሚሻለው ዕቃን በስብስብ መሸጥ ነው። ሁለት ስኒና አንድ ሻማ በአንድ ካርቶን ሲሄዱ ከአንድ ስኒ እሽግ የሚበልጥ ጊዜ የሚወስዱት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የትዕዛዙ ዋጋ ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ስብስብ ይበቃል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት አንዱን ስኒ ሁለቴ መሸጥ ነው፤ ለስብስብ የመደቡትን ያህል በነጠላ ከሚሸጠው ቁጥር ላይ ወዲያው ይቀንሱ።

ማሸግ

«ይሰበራል» የሚል ልጣፍ ዕቃን አያድንም። የሚያድነው በውስጥ ያለው ርቀትና ሙላት ነው።

1. ባዶውን ክፍል በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉ፤ የስኒውን ሆድ፣ የማስቀመጫውን አፍ። ክዳን ካለ ለብቻው ይጠቅለል።
2. እያንዳንዱን ዕቃ በባብል ራፕ፣ አረፋው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ሁለት ዙር ይጠቅልሉ። የስኒ እጀታ ተጨማሪ ንብርብር ይፈልጋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው።
3. ሳህን በጠርዙ ቆሞ ይግባ። ተኝቶ ሲደራረብ የላይኛው ክብደት ሁሉ የታችኛው ላይ ያርፋል።
4. ከዕቃው እስከ ካርቶኑ ግድግዳ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይኑር፣ ይህም ክፍተት ይሞላ። ውድ ወይም ስስ ከሆነ በትንሽ ካርቶን አድርገው ያንን በትልቅ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡ።
5. ዘግተው ይነቅንቁት። ድምፅ ካለ ይከፈት።
6. የላይና የታች መዝጊያውን መሀል ለመሀል፣ ከዚያም ሁለቱን ጎን በቴፕ ያትሙ።

ለእያንዳንዱ አዲስ አስተሻሸግ አንድ እሽግ ሠውተው ይፈትኑ፤ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ አንድ ጊዜ በማዕዘኑ፣ ሦስት ጊዜ በጠርዞቹ፣ ስድስት ጊዜ በገጾቹ ይጣሉት። የተሰበረበትን ቦታ አይተው እዚያው ያጠናክሩ።

ካርቶኑ ከሚገባው በላይ እንዳይተልቅም ይጠንቀቁ። ብዙ የአየር መላኪያ ድርጅቶች ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 በማካፈል ክብደት ያወጣሉ፤ ከትክክለኛው ክብደት ከበለጠ በዚያው ያስከፍላሉ። 40 በ30 በ30 የሆነ ካርቶን ውስጡ ቀላል ትራስ ቢሆንም 7.2 ኪሎ ይቆጠራል።

ስጦታ ገዢና ስጦታ ተቀባይ

በዚህ ወቅት ከፋዩ አንድ፣ ተቀባዩ ሌላ ነው። በትዕዛዙ ላይ ሁለቱንም አድራሻ ይጠይቁ፣ ዋጋ ያለበት ደረሰኝ እሽጉ ውስጥ አይግባ፣ መልእክቱም ገዢው እንደጻፈው ይገልበጥ። የመመለሻ ጊዜውን ከተገዛበት ቀን ሳይሆን ከበዓሉ ማግስት ጀምረው ይቁጠሩት፤ አራት ሳምንት ቀድሞ የገዛ ሰው ስጦታው ሳይከፈት ጊዜው እንዳያልፍበት። የስኒውን ሚሊ ሊትር፣ የጨርቁን ልክ፣ ማይክሮዌቭና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይችል እንደሆነ ገጹ ላይ ከጻፉ፣ የጥያቄው መዓት ይቀንሳል።

በዓሉ ሲያልፍ

ክምችትዎን ሳይቆጥሩ ለቀጣዩ ዓመት አይዘዙ። ሲቆጥሩም የተሸጠውን ብዛት ብቻ አይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ያለቀበትን ቀን ይጻፉ። 30 ተሸጦ በሦስተኛው ቀን ያለቀ ስኒ፣ 60 ተሸጦ እስከ መጨረሻው ከቆየ ሳህን ይልቅ ተፈላጊ ነበር። የተመለሱትንና የተሰበሩትንም በዕቃ ዓይነት ለዩዋቸው፤ አንድ ዓይነት ማስቀመጫ ደጋግሞ ከተሰበረ ወይ ካርቶኑ ይቀየር፣ ወይ ማስቀመጫው ከሽያጭ ይውጣ።