የድሮ ስኔር ዕድሳት፦ የራሱ ዕቃ የቱ ነው?

የስኔርን (ከሥሩ ሽቦ የተዘረጋበትን ድራም) ቆዳ መቀየሩን፣ ማጽዳቱንና መወጠሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ልነሳ። እዚህ የምጽፈው ድራሙ ላይ ያለው ዕቃ ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ የሚለውን ስለ መለየት ነው። ምሳሌዬ በብዛት የአሜሪካው ድራም አምራች ሉድዊግ ነው፤ እጄ ላይ የሚበዛው እሱ ነውና። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብሎኑ ላጉ ውስጥ ይዋልላል፣ ወይም ጀምሮ ይቆማል

ላግ ድራሙ ጎን ላይ ሆኖ የመወጠሪያውን ብሎን የሚቀበለው ዕቃ ነው። ብሎኑ እንዲህ ካደረገ ጥርሱ አልገጠመም ማለት ነው። በአሜሪካ ድራሞች የተለመደው 12-24 የሚባለው ብሎን ነው። ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ። ኤም5 ብሎን ስለሚቀጥን ይዋልላል፣ ሲወጠር ደግሞ ጥርስ ይበላል። ኤም6 ይወፍራል፤ የጥርሱ ርቀት ግን ከ12-24ው ጋር ስለሚቀራረብ ሰው በቁልፍ ታግሎ ሊያስገባው ይሞክራል። እባካችሁ አትታገሉ። በጣት ዞሮ የማይገባ ብሎን የዚያ ላግ አይደለም። በካሊብሮ ለኩት። የተበላው ውስጡ ያለው ዳዶ ብቻ ከሆነ ዳዶውን ቀይሩ፤ ላጉን አትጣሉ።

አንዱ ሪም በማግኔት ይያዛል፣ ሌላው አይያዝም

ሪም ቆዳውን ጠርዙ ላይ የሚይዘው ቀለበት ነው። እዚህ አንዱ ብረት፣ አንዱ ናስ ነው። ሉድዊግ በ60ዎቹ መጀመሪያ ክሮም የተቀባ የናስ ሪም ይገጥም ነበር፤ ከዚያ ወደ ብረት ሄደ። ስለዚህ ጥንዱ ከተለያየ አንዱ ከሌላ ድራም የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀለሙንም በቀን ብርሃን እዩት። ኒኬል ሞቅ ያለ ቢጫነት አለው፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኒኬሉን በሻካራ ነገር አትፈትጉት። ስስ ነው፣ ተነሥቶ ያልቃል።

ላጉ እንጨት ነው

አትጣሉት! በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት የሙዚቃ መሣሪያ ብረት ከክብደቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። የዚያ ጊዜ ድራም ላግ ከእንጨት ቢሠራ ትክክል ነው።

ስትሬነሩ አይቀመጥም፣ አይይዝም፣ ወይም አጠገቡ ትርፍ ቀዳዳ አለ

ከሚመጡልኝ ድራሞች አብዛኞቹ ችግራቸው ይህ ነው። ስትሬነር የታችኛውን ሽቦ የሚያጠብቀውና የሚለቀው ማንሻ ነው። በየቀኑ ስለሚነካካ ቶሎ ይደክማል፣ ሰውም ቶሎ ይቀይረዋል። የሚያናድደኝ አቀያየሩ ነው። አዲሱ ዕቃ ከድሮው ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ትራፓኖ ይነሣል።

አንድ ጊዜ ሱፕራፎኒክ የሚባለው የ60ዎቹ የሉድዊግ ስኔር መጣልኝ። አራት ቀዳዳ፣ ላዩ ላይ አዲስ ርካሽ ስትሬነር። ባለቤቱ ፒ-83 የሚባለውን የድሮውን ስትሬነር «አይይዝም» ብሎ ጥሎታል። ጠየቅኩት፣ ሽቦውን በምን ነበር ያሰርከው? በወፍራም የሚለጠጥ ገመድ! ፒ-83ው ምንም አልሆነም ነበር። ገመዱ እየተለጠጠ ነው የላላው። በቀጭን የማይለጠጥ ገመድ አስሮ የማጥበቂያውን ብሎን ትንሽ ዘይት ቢቀባው በ10 ደቂቃ ያልቅ ነበር። የዚህ ድራም ሼል (ገላው) ደግሞ ክሮም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ክሮሙ የተሰበረበት ቦታ እርጥበት ይገባል፣ ነጭ ነጭ ያወጣል፣ እየተላጠ ይሄዳል። አዲስ በተበሳው ቀዳዳ ዙሪያ ይህ ጀምሮ ነበር።

ሌላው ስህተት የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ወዳጄ ፒ-83 ፈልጎ ብዙ ከፍሎ ገዛ፣ «የድሮ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ። የእሱ ድራም ግን የ70ዎቹ ነው፤ በዚያ ዐሥርት ፒ-83ን እየተካ የመጣው ፒ-85 ነው። ከድራሙ ጋር የወጣውን ትክክለኛ ዕቃ ሊያወጣ ነበር። አቁም አልኩት፣ ፈታነው፣ ሼሉን አየነው። ሁለት ቀዳዳ ብቻ፣ በዙሪያቸው የፒ-85 ቅርጽ ያለው ንጹሕ ጥላ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከዕቃው በፊት ሼሉን አንብቡ። ስትሬነሩንም ተቃራኒው ወገን ሽቦ የሚይዘውን ዕቃም ፍቱ። ከሥሩ ያለው ቦታ ፀሐይና ላብ አልነካውም፤ ስለዚህ ለዓመታት የኖረው ዕቃ ቅርጹን ትቶ ነው የሚሄደው። ጥላው ካሁኑ ዕቃ ጋር ካልገጠመ ዕቃው እንግዳ ነው። ከውስጥ መብራት አብሩና የሮንዴላውን አሻራ ፈልጉ። የፋብሪካ ቀዳዳ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ የቤት ቀዳዳ ግን ጠርዙ ይቦጫጨራል። ከዚያ ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ለኩ። ዕቃ የምትገዙት በዚያ ልክ ነው። ሻጭ «ትንሽ ብታሰፋው ይገባል» ካላችሁ አትግዙ። ትርፍ ቀዳዳ አስቀድሞ ካለ፣ የሚሸፍነው ዕቃ ፈልጉ ወይም በነባሮቹ ቀዳዳዎች የሚታሰር ማስማሚያ ሳህን አሠሩ። አዲስ ቀዳዳ ግን በፍጹም።

ባጁ አንድ ዓመት ይላል፣ ዕቃው ሌላ

ባጁን (ሼሉ ላይ የተለጠፈውን የአምራቹን ምልክት) ብቻ አትመኑ። በሉድዊግ ኪስቶን የሚባለው ባጅ የ60ዎቹ ነው፣ ሰማያዊና ወይራማው ከ1969 ገደማ ወዲህ የመጣ ነው። በኪስቶን ላይ ተከታታይ ቁጥር የጀመረው በ1963 መጨረሻ አካባቢ ነው። ግን ባጆቹ ከሳጥን እየተነሡ ስለሚለጠፉ ቁጥሩ በትክክል ቅደም ተከተል አይሄድም። ፋብሪካውም የድሮ ዕቃ ሳያልቅ አይጥልም ነበር። የአንድ ሁለት ዓመት መደባለቅ ስህተት አይደለም። በብዙ የ60ዎቹ የእንጨት ሼሎች ውስጥ በቀይ ቀለም የታተመ ቀን አለ፤ ካገኛችሁት ከባጁ ይበልጥ እሱን እመኑ። የባጁ መያዣ ቀለበት ከላላ ወይም ዙሪያው ከተቧጨረ፣ ባጁ ራሱ ከሌላ ድራም መጥቶ ይሆናል።

አንድ ነገር ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ወደ ላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብላ ብቻዋን ያለች ቀዳዳ የውስጥ ማፈኛው (ቆዳውን ነክቶ ድምፁን የሚያፍነው ዕቃ) ጉብ የሚወጣባት ልትሆን ትችላለች። ማፈኛው ጠፍቶ ከሆነ ቀዳዳዋን አትድፈኑ፣ ማፈኛውን ፈልጉላት።