የጦረኛዋ የመጨረሻ ምዕራፍ፦ የሰይፍና የአስማት ኮሚክ እንዴት ይቋጫል?

ሰይፍና አስማት የሚገናኙበት ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ) ለመጀመር አያስቸግርም። የፈራረሰ ቤተ መቅደስ፣ የተሸሸገ ወርቅ፣ ክፉ ጠንቋይና ሰይፍ የታጠቀች ሴት ካሉ ታሪኩ መንገድ ይዟል። ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው። የዘርፉ ዝነኛ ጦረኛ ሬድ ሶንያ ለዚህ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮይ ቶማስ በጻፈውና ባሪ ዊንዘር-ስሚዝ በሣለው፣ ኮናን ስለተባለው ጦረኛ በሚተርከው ኮሚክ 23ኛ ዕትም ላይ ብቅ ካለች ወዲህ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ እየተሻገረች ስትዋጋ ኖራለች። ገበያ ያላት ገጸ ባሕርይ ስለሆነች እውነተኛ የመጨረሻ ምዕራፍ አይፈቀድላትም። የራሱን ጦረኛ የፈጠረ ሰው ግን ይህ ማነቆ የለበትም፤ ታሪኩን በክብር መዝጋት ይችላል።

መጀመሪያ ዕዳውን ይቁጠሩ

ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ያለፉትን ምዕራፎች በሙሉ እንደገና ያንብቡ። ጦረኛዋ የገባችውን ቃል፣ የተበደረችውን፣ ሳትቀብረው ያለፈችውን ሰው፣ የማረችውን ጠላት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁሉንም መክፈል አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ዋናውን ይምረጡ። በዚህ ዘርፍ ዋናው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ መሐላ ነው።

መሐላው ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ይመርምሩ። በ1970ዎቹ በተጻፈው የሶንያ ታሪክ፣ ኃይል የሰጠቻት አምላክ በፍትሐዊ ፍልሚያ ላላሸነፋት ወንድ ራሷን እንዳትሰጥ ቃል አስገብታታለች። ይህ ለድርሰት መጥፎ መሐላ ነው። መፍቻው በሌላ ሰው ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሴቲቱ የራሷን ታሪክ መቋጨት አትችልም። ጌይል ሲሞን በ2013 ተከታታዩን መጻፍ ስትጀምር ያንን ትታ የጦረኛዋን መነሻ እንደ አዲስ ማዋቀሯ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። የእርስዎ ጦረኛም የመሐላዋን መፍቻ በራሷ እጅ ትያዝ።

ለአስማቱ ዋጋ ይተምኑለት

ጠንቋዩ በበለጠ ጉልበት ወይም ድንገት በተገኘ ክታብ ከወደቀ አንባቢው የተታለለ ያህል ይሰማዋል፤ እውነት አለው። ድሉ መምጣት ያለበት አስቀድሞ ከሚታወቅ ሕግና ከሚያም ምርጫ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ጦረኛዋ የተረገመውን ሰይፍ በመዘዘች ቁጥር የምትወደውን የአንድ ሰው ስም ትረሳለች እንበል። በመጨረሻው ምዕራፍ በልቧ የቀረው የእህቷ ስም ብቻ ነው። ሰይፉን ካልመዘዘች እህቷ ትሞታለች፤ ከመዘዘችው እህቷ ትተርፋለች፣ እሷ ግን ማን እንዳተረፈች አታውቅም። አሁን ፍልሚያው ትርጉም አገኘ። በሥዕልም የሚታይ መፍትሔ ይዞ ይመጣል፤ ስሙ በተጠራበት የንግግር አረፋ ውስጥ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄድና አረፋው ባዶውን ይቀራል። ይህንን ልቦለድ በቃላት ብቻ ሊያደርገው አይችልም።

ገጾቹን ከኋላ ወደ ፊት ያከፋፍሉ

በመካከሉ በሽቦ የሚጠረዝ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ ስለዚህ 24 ገጽ ለመዝጊያ ምዕራፍ ጥሩ ልክ ነው። የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ ይንደፉና ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጀማሪዎች ለፍልሚያው 20 ገጽ ሰጥተው ስንብቱን በግማሽ ገጽ ይጨርሱታል። እኔ የምመክረው ለፍልሚያው ከ10 ገጽ እንዳይበልጥ፣ ከፍልሚያው በኋላ ላለው ደግሞ ቢያንስ 5 ገጽ እንዲተርፍ ነው። አንባቢው እስከዚህ ድረስ የተከተለው ሰይፉን ሳይሆን ሴቲቱን ነው፤ ከድሉ በኋላ ምን እንደሆነች ማየት ይፈልጋል።

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ገጾች በቀኝ ይውላሉ። ያልተጠበቀውን ነገር ሁልጊዜ በሙሉ ቁጥር ገጽ፣ ማለትም ቅጠሉ ሲገለጥ በሚታየው በግራ በኩል ያስቀምጡ። ከእሱ በፊት ያለው ገጽ የመጨረሻ ሳጥን (አንዱ ሥዕል የሚያርፍበት ክፈፍ) ጥያቄ ይዞ ይዘጋ። ሁለት ገጽ የሚሸፍን ትልቅ ሥዕል ካለዎት ደግሞ በ12 እና በ13 ላይ ይሁን፤ የመጽሔቱ መካከል በመሆኑ ሁለቱ ገጾች አንድ ወረቀት ናቸው፣ ሥዕሉም አይቆረጥም።

ፍልሚያውን መሣል

በመጀመሪያ ሰፊ ሳጥን ውስጥ ቦታውን በሙሉ ያሳዩ፦ በሩ የት ነው፣ እህቷ የት ታስራለች፣ ጠንቋዩ የት ቆሟል? ከዚያ ጦረኛዋን በግራ፣ ጠንቋዩን በቀኝ ያቆዩ። ወደ ፊት ስትገፋ ከንባቡ አቅጣጫ ጋር ትሄዳለች። ቦታ የሚለዋወጡት ዕጣቸው በተገለበጠበት ቅጽበት ብቻ ይሁን።

ታሪክን በሥዕል በመተረክ የእኛም ሠዓሊዎች ትልቅ ልምድ አላቸው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥኖች የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል እያንዳንዱ ሳጥን ምን ያህል ብቻ መናገር እንዳለበት ያስተምራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ጠንቋዩን ምዕራፉን ሙሉ በጎን ሥለው፣ በሚሸነፍበት ሳጥን ብቻ ፊቱን ሙሉ ቢያዞሩት አንባቢው ያለ አንድ ቃል ይደነግጣል።

ስለ አለባበስም አጥብቄ የምለው አለኝ። የሶንያ መነሻ የሆነችው ሴት፣ ሮበርት ሃዋርድ በ1934 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ በ1529 ኦቶማኖች ቪየናን ሲከቡ የምትዋጋ፣ ጥሩር (የብረት የጦር ልብስ) የለበሰች ተዋጊ ነበረች። በኮሚኩ የታወቀው ከብረት የተሠራ ጡት መያዣና ቁምጣ ኋላ የመጣ፣ ከስፔናዊው ሠዓሊ ኤስቴባን ማሮቶ ሥዕል የተወሰደ ነው። ቁስሏን እንድናምን ከፈለጉ መመታትን እንደምትጠብቅ ሴት ያልብሷት። በቀደሙት ምዕራፎች የተበሳው ጥሩርና የተሰነጠቀው ጋሻ እዚህም ተበስቶና ተሰንጥቆ ይታይ። ለዚህ የልብሷን ጉዳት በየምዕራፉ የሚመዘግብ አንድ የሥዕል ወረቀት ያዘጋጁ።

ፊደሉና ኅትመቱ

የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ አረፋውም ይሰፋል። ስለዚህ ጽሑፉን በእርሳሱ ንድፍ ላይ አስቀድመው ያስፍሩ፣ ጥቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ አይደለም። በአንድ አረፋ ከ15 ቃላት በላይ ካለ ይቀንሱ። በትንሽ መጠን «ሰ» እና «ሱ» ስለሚመሳሰሉ አንድ ገጽ በትክክለኛ ልኩ አሳትመው በዓይንዎ ይፈትሹ። የድምፅ ቃላትን ከውጭ ኮሚክ አይቅዱ፤ ሲሰበር «ቀጭ»፣ ሲወድቅ «ድው»፣ በሩ ሲመታ «ጓ» የሚል ቋንቋ አለን።

የጥቁር መስመሩን ሥዕል በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ባለ ቀለሙን ቢያንስ በ300 ያስገቡ፤ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን ሲከረክም ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዉ።

ከማሳተምዎ በፊት የቀደሙትን ምዕራፎች ላነበበ ሰው ንድፉን ያሳዩና «ምን ከፈለች?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ «ጠንቋዩን ገደለች» ከሆነ ፍልሚያውን አይንኩት፤ የመጨረሻዎቹን 5 ገጾች እንደገና ይንደፉ።