የሜታል ካታሊስትን ቅርጽ በሳምብቪካ ካርታ ላይ ለማየት

በሜታል ካታሊስት (ሪአክሽንን የሚያፋጥን፣ ሜታል ያለበት ውህድ) ሪአክሽኑ ወዴት እንደሚያደላ የሚወስነው ሜታሉ ብቻ አይደለም። ዙሪያውን የከበቡት ሊጋንዶች (ከሜታሉ ጋር የተያያዙ ሞለኪውሎች ወይም አዮኖች) የተዉት ክፍተትም ጭምር ነው። ያንን ክፍተት ወረቀት ላይ ከተሳለ መዋቅር ማየት አይቻልም። ለዚህ የምመክራችሁ ሳምብቪካን ነው። የሉዊጂ ካቫሎ ቡድን የሠራው ነፃ መሣሪያ ሲሆን ኢንተርኔት ላይ ስለሚሠራ ደካማ ላፕቶፕ ያለው ተማሪም ያለችግር ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ መዋቅሩን አግኙ። ክሪስታሉ ተለክቶ ከሆነ ፋይሉን ከካምብሪጅ የክሪስታል መዋቅሮች ዳታቤዝ በነፃ አውርዱ። መርኩሪ በሚባለው የክሪስታል ማያ ፕሮግራም ክፈቱና ሶልቨንቱን (ማሟሚያውን)፣ ተጓዳኝ አዮኑን (ቻርጁን የሚያመጣጥነውን)፣ ሁለት ቦታ ላይ ተደራርበው የሚታዩ አቶሞችን አጽዱ። ይቺን ጽዳት እንዳትዘሏት፤ ሜታሉ አጠገብ የቀረች አንዲት የሶልቨንት ሞለኪውል እንደ ሊጋንድ ተቆጥራ ውጤቱን ታበላሻለች። ከዚያ የአቶሞቹን ቦታ በሚዘረዝረው በኤክስ ዋይ ዚ (XYZ) ፎርማት ሴቭ አድርጉ። ክሪስታል ከሌለ አቮጋድሮ በሚባለው የሞለኪውል መሥሪያ ፕሮግራም ሥሩና በዲኤፍቲ (በኳንተም ስሌት) አስተካክሉት።

ፋይሉን ከጫናችሁ በኋላ አቶሞቹን መምረጥ ነው። ካርቢን ሊጋንድ (በካርበኑ በኩል ከሜታሉ ጋር የሚያያዝ፣ እዚህ ካርበኑ አጠገብ ናይትሮጅኖች ያሉት) የያዘ የወርቅ ክሎራይድ ኮምፕሌክስ እንውሰድ። ሳምብቪካ በሜታሉ ዙሪያ ምናባዊ ሉል አስቀምጦ ሊጋንዱ ምን ያህሉን እንደያዘ ያሰላል፤ የሉሉ መሃል ወርቁ ይሁን። ለዚ (Z) ዘንግ የካርቢኑን ካርበን፣ ለኤክስ ዚ (XZ) ጠለል ደግሞ አንዱን ናይትሮጅን ምረጡ። ወርቁንና ክሎሪኑን ከስሌቱ አስወጡ፤ የምትለኩት ሊጋንዱን ብቻ ነውና። የዚ (Z) አቅጣጫ ኔጌቲቭ ይሁን፣ ያኔ ሊጋንዱ ከታች ሆኖ ሰብስትሬቱ (ካታሊስቱ ላይ የሚለወጠው ሞለኪውል) በሚመጣበት በኩል ታዩታላችሁ።

የሉሉ ሬድየስ 3.5 አንግስትሮም (የአቶም ርቀት መለኪያ)፣ የቦንዲ ሬድየሶች (የአቶሞች መጠን መደበኛ ልኬቶች) በ1.17 ተባዝተው፣ ሃይድሮጅን ሳይቆጠር፦ ይሄ የተለመደው አሠራር ስለሆነ አትነካኩት። ሊጋንዶችን ስታወዳድሩ ከሜታሉ ያላቸው ርቀት አንድ ይሁን። አንዱን በ2.00፣ ሌላውን በ2.28 አንግስትሮም አስልቶ ማነጻጸር ትርጉም የለውም። የትኛውን ርቀት እንደተጠቀማችሁ ሁልጊዜ ጻፉ።

ውጤቱ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሊጋንዱ ከሉሉ ውስጥ ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚናገር ቁጥር፣ ሌላው እንደ ተራራ ካርታ የከፍታ መስመር ያለው ሥዕል። ቀዩ ሊጋንዱ ወደ ሰብስትሬቱ የወጣበት፣ ሰማያዊው ደግሞ የሸሸበት ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን ገልብጦ ካርታውን ይተወዋል፣ እኔ ግን ዋናው ካርታው ነው ባይ ነኝ። አራት ሩብ አለው፣ ለእያንዳንዱም የራሱ መቶኛ ይሰጣችኋል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ የሚሠሩትን፣ ሁለት ኢንዴኒል (ሁለት ቀለበት የተጣበቀበት ሊጋንድ) ያላቸውን የዚርኮኒየም ካታሊስቶች ተመልከቱ። ሲ 2 ሲሜትሪ ባላቸው (ግማሽ ዙር ሲዞሩ ያንኑ በሚመስሉት) ላይ በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ሩቦች ተዘግተው ሌሎቹ ሁለቱ ክፍት ናቸው። እያደገ ያለው ሰንሰለት ወደ ክፍቱ ይጠጋል፣ ፕሮፒሊኑም በየጊዜው በአንድ ዓይነት ፊት ይገባል፣ ስለዚህ ሜቲሎቹ በአንድ ወገን የተሰለፉበት አይሶታክቲክ ፖሊመር ይወጣል። የተዘጉት ሩቦች ቦታቸው ቢቀየር አጠቃላይ መቶኛው ሳይነቃነቅ ምርቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይሄን ቁጥሩ ብቻውን በፍጹም አይነግራችሁም።

ሊጋንዱ የሚተጣጠፍ ከሆነ በአንድ መዋቅር አትርኩ። ዝቅተኛ ኢነርጂ ያላቸውን ጥቂት ኮንፎርመሮች (የአንዱ ሞለኪውል የተለያዩ አተጣጠፎች) ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ካርታ አውጡ። ብዙ ሊጋንዶችን በአንዴ ለማስላት ካሰባችሁ እና ፓይተን የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ሞርፊየስ የሚባለው ነፃ ፓኬጅ ይኸንኑ ስሌት ይሠራላችኋል።